መብራቱን ማን አበራው?

አለልኝ የሞተው የፍልሰታ ጾም ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ሬሳው የተገኘው ከአገር ቤት ብዙ ርቆ፣ ሐበሻ በሚበዛበት የሲዋርድ ሰፈር፣ ከታች ሥጋ ቤት ከላይ ተከራዮች ባሉበት አሮጌ የጡብ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነበር።

መርማሪ ዮሐና ደረጃውን መውረድ ስትጀምር አፍንጫዋን በክንዷ ሸፈነች። እርጥበቱ፣ የአይጥ ኩሱ፣ ከግድግዳው የሚወጣው የቆየ የደም ሽታ አልበቃ ብሎ ከሁሉም በላይ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። በፖሊስነት ዘመኗ ሬሳ ለምዳለች። ሰው ኪራይ እየከፈለ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ መኖሩን ግን ልትለምደው አልቻለችም።

ሟቹ በጎኑ ወድቋል። የከተማው አርማ ያለበት ሸሚዝ ለብሷል፤ ቀኝ መዳፉ ጠቁሯል። ከፊቱ ያለው የመብራት ማከፋፈያ፣ የብሬከር ሳጥኑ ክዳኑ ተፈቶ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ብሎኖቹ እንዳይጠፉ ክዳኑ ላይ ተደርድረዋል። የሚሠራውን የሚያውቅ፣ የማይቸኩል ሰው እንደነበር ያስታውቃል።

«አለልኝ ይባላል» አላት ባልደረባዋ ኮል። «የከተማው የኤሌክትሪክ ኢንስፔክተር ነው። ያገርሽ ሰው። ኮረንቲ ነው የገደለው።»

«ታዲያ አደጋ ነዋ። እኛን ምን አስጠራን?»

«ነይ ላሳይሽ።»

በጓሮ በኩል ይዟት ወጣ። ቆጣሪዎቹ የተደረደሩበት ግድግዳ ላይ የሕንፃው ዋና ማጥፊያ አለ። ወደ ታች ተስቦ፣ ጓጉንቸር ተቆልፎበት፣ ቀይ ካርድ ተንጠልጥሎበታል። ካርዱ ላይ በአለልኝ እጅ «አደገኛ፤ ያለ ኢንስፔክተር ፈቃድ ማንም እንዳያበራ» የሚል ተጽፏል።

«ራሱ አጥፍቶ ራሱ ቆልፎታል» አለ ኮል። «ኤሌክትሪክ የሌለው ሳጥን ሰው ይገድላል?»

ዮሐና ጎንበስ ብላ ካርዱን ደግማ አነበበችው። ኮል መልሱን አዘጋጅቷል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የሚኖር ዲንሳ የሚባል ተከራይ ጠዋት ኢንስፔክተሩ መብራት ሲቆርጥ መንገድ ላይ ወጥቶ ሲጮህበት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ከሰዓት ከምድር ቤቱ እየሮጠ ሲወጣ ታይቷል። የተያዘውም ሁለት መንገድ አልፎ፣ ከቆሻሻ ገንዳ ኋላ ተቀምጦ ሲያለቅስ ነው። የጓጉንቸሩ ትርፍ ቁልፍ ባልተቆለፈው የአለልኝ መኪና ውስጥ ነበር፤ የመኪናው በር ላይ ደግሞ የዲንሳ መዳፍ አርፎበታል።

«ቁልፉን ወስዶ አበራ፤ ሰውየው ሲሞት መልሶ አጥፍቶ ቆለፈ» አለ ኮል። «ይሄው ነው።»

የሕንፃውም የሥጋ ቤቱም ባለቤት ጋሽ ክፍሌ ሽርጣቸውን እንዳደረጉ ሱቁ በር ላይ ቆመው እንባቸውን ይጠርጋሉ። በቤተ ክርስቲያኑ የሰበካ ጉባኤ አባል ናቸው፤ ዮሐናን ካገኟት ግንባሯን ሳይስሙ አያልፉም።

«የኔ ልጅ፣ ምን ዓይነት ቀን ነው!» አሏት። «አለልኝ እኮ በእጄ የጎረሰ ልጅ ነው። እኔ ነኝ ይሄን አገር ያለማመድኩት!»

«አይዞዎት ጋሼ። ሲሞት የት ነበሩ?»

«እኔማ ማቀዝቀዣው ክፍል ውስጥ የነገውን የፍቺ ሥጋ ሳስተካክል ነበር። የዚያ ሞተር ጩኸት እንኳን የሰው ድምፅ መድፍም አያሰማ! ኢየሩሳሌም መጥታ ባትነግረኝ መቼ እሰማ ነበር?»

ካሸሯ ኢየሩሳሌም ከሒሳብ መቀበያው ኋላ ቆማ ወለሉን ታያለች። «አዎ፣ ውስጥ ነበሩ» አለች። ዝንቦች መስታወቱ ላይ ይጮኻሉ። ዮሐና የዝንቦቹ ጩኸት ሰለቻትና ቶሎ ወጣች።

«ሰዉ እኮ ኢንስፔክተር ሲባል ፖሊስ ይመስለዋል» አሏት ጋሽ ክፍሌ እየሸኟት። «ዲንሳም ያበደው ለዚያ ነው። ምስኪን፣ አላወቀም!»

በዚህ እንኳን አልተሳሳቱም። አገር ቤት ኢንስፔክተር ማለት የፖሊስ ማዕረግ ነው። እዚህ ደግሞ ሽጉጥ የሌለው፣ ሰው የማያስር፣ ቴስተርና የእጅ ባትሪ ይዞ የሰው ጓዳ የሚዞር የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛም ኢንስፔክተር ይባላል። ባለቤት ወይም ተከራይ ካላስገባው ከፍርድ ቤት ፈቃድ ማምጣት አለበት። አይጠግንም፤ የሌላውን ሥራ አይቶ ያጸድቃል፣ ወይም ይጥላል። አንድ ትልቅ ሥልጣን ግን አለው፦ ለሰው ሕይወት ያሰጋል ብሎ ካመነ የሙሉ ሕንፃ መብራት ያስቆርጣል። እሱ ካልፈረመ ደግሞ ከንቲባውም ቢሆን አያበራውም።

*

በማግስቱ ጾሙ ተፈታ። ዮሐና ከከተማው ዳር ወዳለው ኩን ራፒድስ፣ ወደ ለቅሶው ቤት መኪናዋን ነዳች።

ሳሎኑ ጥቁር በለበሱ ሰዎች ሞልቷል። የአለልኝ ባለቤት ገነት ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ድምፅዋ ከማልቀስ ብዛት ተዘግቷል።

«በራሱ ስህተት ሞተ ይላሉ እንዴ?» ስትል ጠየቀቻት። «እውነቱን ንገሪኝ።»

«እስካሁን ማንም እንደዚያ አላለም።»

«እንዳይሉ! አለልኝ የማያውቀውን ሽቦ ሳይፈትሽ አይነካም። እዚህ ቤት አምፖል ሲቀይር እንኳን ሁላችንንም ከክፍሉ አስወጥቶ ነው። በጥንቃቄው እንስቅበት ነበር እኮ! ስንት ቀን ስቄበታለሁ።»

ዮሐና እጇን ያዘቻት። ወዲያው አንዲት ሴትዮ ሳህን ይዛ መጣች። ጾሙን በለቅሶ ቤት የፈቱት ለቀስተኞች ቀይ ወጥ በሥጋ እየበሉ ነው።

«ሥራ ላይ ነኝ፣ ይቅርብኝ።»

«ትንሽ ቅመሽ እንጂ! ጾም ውለሽ ጾም ልታድሪ ነው? ጋሽ ክፍሌ ናቸው አንድ ሙሉ ጭን የላኩት፣ እግዜር ይስጣቸው። ሕንፃቸው መብራት ተቆርጦበት እንኳን አልረሱንም።»

ዮሐና በላች። ርቧት ስለነበር አጣጥማ ነው የበላችው። ጥሩ ሥጋ ነበር።

ጣቷን ሳትታጠብ ስልኳ ጮኸ። ኮል ነው።

«አመነ! በስልክ አስተርጓሚ አናገርኩት። ‘ኤሌክትሪኩን ያበራሁት እኔ ነኝ’ አለ፤ ሦስት ጊዜ። ዐቃቤ ሕጉ ነገ ክስ ይመሠርታል። በነፍስ ግድያ።»

*

የጣቢያው መግቢያ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ሕፃን አዝላ ቆማለች። ሲፋን ነች፣ የዲንሳ ሚስት። ዮሐናን ስታይ ተከትላት ሮጠች።

«እህቴ፣ ኢንስፔክተሩን የጠራሁት እኮ እኔ ነኝ! ዕቃ ሳጥብ ቧንቧው ይነዝረኛል። ልጄንም ነዘረው። ለጋሽ ክፍሌ ስንነግር ‘ጫማ አድርጋችሁ እጠቡ’ አሉን። ጨነቀኝና ከተማው ጋ ደወልኩ። ዲንሳ ሻኮፒ ያለው መጋዘን ውስጥ ሌሊት ሠርቶ ገና መግባቱ ነበር፤ ኢንስፔክተር መጣ ሲባል ፖሊስ መስሎት ደነገጠ። በኔ ምክንያት ባሌ ሊታሰር ነው?»

«ጠብቂኝ» አለቻት ዮሐና። «ሳላናግርሽ አልወጣም።»

በመጀመሪያ የተቀዳውን ቃል ከፍታ አዳመጠች። ኮል በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ አስተርጓሚው በስልክ ወደ አማርኛ ይመልሳል። ከአስተርጓሚው ድምፅ ሥር የዲንሳ ድምፅ ይሰማል፦ «መብራቱን ያበራሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ…» አስተርጓሚው ኤሌክትሪኩን ለቀቅሁት ብሎ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ዮሐና ጥርሷን ነከሰች። በእኛ ቋንቋ አምፖሉም መብራት ነው፤ ኮረንቲውም መብራት ነው፤ ድርጅቱም መብራት ኃይል ነው። በዚህች አንዲት ቃል ሰው ዕድሜ ልኩን ሊታሰር ነው።

ዲንሳ ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ሁለት ቀን ያልተኛ ሰው ነበር። አማርኛው ደህና ነው፤ ቤቱ ኦሮምኛ እንደሚናገር ብቻ ያስታውቃል።

«የትኛውን መብራት ነው ያበራኸው?» ስትል ጠየቀችው።

«የደረጃውን ነዋ። ጨለማ ነበር። ጠዋት መኪናውን በመዳፌ እየመታሁ ስለጮህኩበት ይቅርታ ልለው ወርጄ፣ ደረጃው አናት ላይ ያለውን ማብሪያ ተጫንኩት።»

«አምፖሉን።»

«አምፖሉን። ሌላ ምን መብራት አለ?»

ዮሐና ልትስቅም ልታለቅስም ፈልጋ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ከነከናት።

«ቆይ። መብራት ተቆርጦ ነበር እኮ። ታዲያ አምፖሉ በራ?»

«በራ! እኔም መጣ ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ወዲያው ከታች ጩኸት ሰማሁ። መብራቱ ጠፋ። ሰውየው ያቃስታል። ከዚያ…» ዲንሳ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። «ከዚያ ‘አያብሩት! አያብሩት!’ ብሎ ለመነኝ። እኔ አልነካሁም እኮ፣ ምዬ እነግርሻለሁ፣ ደንግጬ ቆሜያለሁ። ግን መብራቱ ራሱ መልሶ መጣ። ከዚያ በኋላ ሰውየው ዝም አለ። እህቴ፣ መጀመሪያ ያበራሁት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የገደልኩት?»

«ምን ነው ያለው? ቃሉን እንዳለ ንገረኝ።»

«አያብሩት። ሌላው አልተለየኝም።»

«‘አታብራው’ አይደለም?»

«አይደለም። በክብር ነው ያለኝ። ለዚያ ነው የሚያመኝ። ጠዋት ስጮህበት ‘አንተ፣ እረፍ’ ብሎኝ ነበር። ሊሞት ሲል ግን አንቱ አለኝ።»

ዮሐና ከወንበሯ ተነሣች። አስተርጓሚው ይህንንም በእንግሊዝኛ መልሶታል፤ እንግሊዝኛ ግን አንተም ብትለው አንቱም ብትለው አንድ ነው። አለልኝ ጠዋት አንተ ያለውን ጎረምሳ በጭንቅ ሰዓት አንቱ የሚልበት ምክንያት የለም። ልመናው ለዲንሳ አልነበረም። በዚያ ሕንፃ ውስጥ አለልኝ አንቱ የሚለው ሰው ስንት ነው? ዮሐና አንድ ሰው ብቻ ታውቃለች። ያ ሰው የላከውን ሥጋ በልታ ነው የመጣችው።

ነገሩን ለኮል ስትነግረው ራሱን ነቀነቀ።

«ዮሐና፣ ዐቃቤ ሕጉ ጋ በሰዋስው ልትሄጂ ነው? ዋናው ማጥፊያ ተቆልፎ አምፖል አይበራም። ሰውየው ይዋሻል።»

«ከሌላ ቦታ ካልመጣ።»

«ከየት?»

*

ጀፍ ከአለልኝ ጋር ብዙ ዓመት የሠራ የከተማው ኢንስፔክተር ነው፤ ዮሐናና ኮል ይዘውት መጡ። ምድር ቤቱን ሲያይ ተሳደበ፤ ወዲያው ለሟቹ ይቅርታ የጠየቀ ይመስል ቆቡን አወለቀ። የፖሊሱ ቢጫ ሪባን እንደተወጠረ ነው፤ የደረጃውንም ማብሪያ ፖሊሶቹ ትናንት አጥፍተውታል። ከጓሮ ሲገቡ ጓጉንቸሩንም አይተዋል፤ እንደተቆለፈ ነው።

«አለልኝ ምን እየሠራ ነበር?» አለችው ዮሐና።

«ባለቤት የሌለው ሽቦ እየፈለገ።» ጀፍ በእጅ ባትሪው አሳያት። ከሳጥኑ የወጣ አንድ ወፍራም ገመድ፣ ላዩ ተልጦ መዳቡ እየታየ፣ ግድግዳ በስቶ ይሄዳል። «ሌሎቹ ብሬከሮች የማን እንደሆኑ ተጽፎባቸዋል። ይሄኛው ባዶ ነው። ከተከራዮቹ መብራት የሚጠጣ፣ የት እንደሚሄድ የማይታወቅ ሽቦ። ዋናውን አጥፍቷል፣ ቆልፏል፣ በቴስተር ፈትሿል፤ ቴስተሩ ያው ጎኑ ወድቆ ተገኝቷል። ከዚያ ሽቦውን በእጁ መከተል ጀመረ። እኔም ብሆን ይሄንኑ ነበር የማደርገው።»

«ንካው እስቲ።»

«ሞቷል እኮ። ሕንፃው ሁሉ ጠፍቷል።» ጀፍ ግን እጁን አልሰደደም። ልማዱ ነውና የቴስተሩን ጫፍ ወደ ገመዱ አስጠጋ።

ቴስተሩ ጮኸ፤ ቀይ መብራቱም ብልጭ ድርግም አለ።

ሦስቱም ወደ ኋላ ሸሹ። ኮል ሪባኑን ጥሶ ደረጃው ላይ ደረሰ። የጀፍ ከንፈር ነጭ ሆኗል።

«አሁንም አለ!» አለ። «አሁንም! ሰው የሞተበት ገመድ!»

«ዝም በሉ እስቲ» አለች ዮሐና።

ዝም አሉ። ከግድግዳው ማዶ፣ ገመዱ ከሚገባበት ቀዳዳ፣ የሞተር ድምፅ ይሰማል። እንኳን የሰው ድምፅ መድፍም አያሰማም የተባለለት ሞተር ነው።

ዮሐና ያኔ ነው የትናንቱ ዝንብ ትዝ ያላት። ትናንት ሱቁ ውስጥ ቆማ የዝንብ ጩኸት ትሰማ ነበር። ሞተሩ ጠፍቶ ነበር ማለት ነው። ሞተሩ የሚሠራው በዚህ ገመድ ከሆነ፣ አለልኝ ዋናውን ካጠፋ በኋላ ዝም ማለት ነበረበት። ጋሽ ክፍሌ ግን አለልኝ ሲጮህ ሞተሩ እየሠራ ስለነበር አልሰማሁም ብለዋል። ያመጡት ምክንያት ራሱ ያስይዛቸዋል። ሞተሩ ይሠራ ከነበረ፣ ገመዱ ውስጥ ኮረንቲ የከተተ ሰው ነበር።

*

ሥጋ ቤቱ ውስጥ ሰው ተሰልፏል። የፍቺ ቀን ነው፤ ሰዉ እንኳን አደረሳችሁ እየተባባለ ቁርጥ ያስመዝናል። ጋሽ ክፍሌ ቢላቸውን እያፋጩ ይቀልዳሉ።

«የኔ ልጅ! ነይ፣ ለአንቺ ከሻኛው…»

ዮሐና ሳትመልስላቸው በማቀዝቀዣው ክፍል ከባድ በር ገባች። ብርዱ ፊቷን መታት። የተሰቀሉት ብልቶች እስከ ጣሪያ ይደርሳሉ። ከሱቁ በበሩ ሥር የገባ ብርቱካናማ ገመድ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ፣ የማቀዝቀዣው ግድግዳ ላይ ያለ ሶኬት ውስጥ ተሰክቷል። ጀፍ ተንበርክኮ አየው። የማንኛውም ገመድ አንዱ ጫፍ የሚሰካ ወንዴ፣ ሌላው የሚሰካበት ሴቴ ነው። ይሄኛው ሁለቱም ጫፉ ወንዴ ነው።

«ይሄ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም» አለ ጀፍ። «ሰው በእጁ ቆርጦ የሚሠራው ነው። ሱቁ የራሱ ቆጣሪ ስላለው መብራቱ አልተቆረጠም። አንዱን ጫፍ ሱቁ ሶኬት ላይ ሰክቶ፣ ኮረንቲውን በሌላው ጫፍ እዚህ ያስገባዋል። ሞተሩ ይሠራል። ኮረንቲው ግን ሞተሩ ጋ አይቆምም፤ በዚያው ሽቦ ወደ ኋላ ሄዶ ምድር ቤት ያለው ሳጥን ውስጥ ይገባል። ዋናው ማጥፊያ ቢቆለፍም አያግደውም።»

ጋሽ ክፍሌ በሩ ላይ ቆመዋል። ቢላው እጃቸው ላይ ነው። ኮል ቢላውን በእርጋታ ተቀበላቸው።

«ይሄ?» አሉ እየሳቁ። «ይሄ እኮ ለመብራት መጥፊያ ነው። አዲስ አበባ ከጎረቤት ስንስብ አይደል ያደግነው? አንቺም ታውቂዋለሽ።»

«ትናንት የሰኩት መቼ ነው?»

«ትናንትማ አልሰካሁም። ዛሬ ጠዋት ነው።»

«ትናንት ሞተሩ ይጮህ ነበር ብለውኛል።»

ጋሽ ክፍሌ ወደ ብርቱካናማው ገመድ ዞሩ። ሰልፈኛው ወደ ማቀዝቀዣው በር አንገቱን አስግጓል። ያን ጊዜ ከሒሳብ መቀበያው በኩል የኢየሩሳሌም ድምፅ መጣ።

«ነግሬዎት ነበር እኮ ጋሼ!»

«ዝም በይ አንቺ!»

«ነግሬዎት ነበር!» ልጅቷ ሽርጧን ወርውራ እያለቀሰች መጣች። «መጀመሪያ ሲሰኩት ከግድግዳው ጀርባ ጮኸ። የሱቁ ብሬከር ወደቀ፣ ሞተሩ ቆመ። ‘ሰው ጮኸ፣ ይተዉት’ አልኳቸው። በዚያ ቀዳዳ ‘ጋሽ ክፍሌ፣ አያብሩት!’ ሲል ሁለታችንም ሰምተናል። ስማቸውን ጠርቶ ነው የለመናቸው። ‘ይቻለዋል፣ ሥጋዬ ሊቀልጥ ነው’ ብለው ብሬከሩን መለሱት። ከዚያ በኋላ አልጮኸም። አምቡላንስ ሲመጣ ነቅለው ጠቀለሉት። ካወራሽ ሥራም ቤትም የለሽም አሉኝ፤ የምኖረው እሳቸው ፎቅ ላይ ነው።»

ዮሐና ወደ ሰውየው ዞረች። አንቱታው እዚያው ማቀዝቀዣው ውስጥ ቀረ።

«እጁ ሳጥኑ ውስጥ እንዳለ ታውቅ ነበር?»

ክፍሌ አንተ መባሉ ከጥያቄው ይልቅ ያስደነገጠው መሰለ። «ልወርድ ነው፣ እስክጨርስ ይታገሱኝ ብሎኝ ነበር። ግን ቆየ። በጣም ቆየ! የጾም ፍቺ ዋዜማ እኮ ነው፤ ይሄ ሁሉ ሥጋ…» በእጁ የተሰቀለውን አሳየ። «ልገድለው አልነበረም። ብሬከር ሲወድቅ መልሶ ማንሣት ነው፤ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው።»

«ሲለምንህ ሰምተህ።»

«አለልኝ ያችን ጨቅጫቃ ተከራይ ሰምቶ ባይመጣ ይሄ ሁሉ አይደርስም ነበር።»

«ደግሞ ፖሊስ እስኪሄድ ጠብቀህ መልሰህ ሰካኸው። ዛሬ ይሄ ሰውዬ ሳይፈትሽ ቢነካው ኖሮ ሁለተኛ ሬሳ ነበር።»

«ሥጋው እንዲበላሽ ነበር እንዴ የምትፈልጊው?» አለ ክፍሌ፤ ከልቡ ነበር የጠየቃት።

ዮሐና ያን ጊዜ ነው ነገሩ ሙሉ በሙሉ የገባት። አፏ ውስጥ የወጡ ቅመም ገና አለ። አንድ ሙሉ ጭን፣ እግዜር ይስጣቸው። ሰውየው አለልኝን የገደለው ይህ ሥጋ እንዳይበላሽ ነው፤ ከዚሁ ሥጋ ቆርጦ ደግሞ ወደ ለቅሶው ቤት ላከ። እሷም አጣጥማ በልታለች። በጓሮ በር ወጥታ ቆጣሪዎቹ ሥር ጎንበስ አለችና ሆዷ ውስጥ ያለውን ሁሉ አወጣችው። ቀና ስትል የአለልኝ ቀይ ካርድ ፊቷ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

*

ዲንሳ በዚያው ምሽት ተፈታ። ዮሐና ቤቴ አድርሺኝ ይለኛል ብላ ስትጠብቅ «ለቅሶው ቤት ውሰጂኝ» አላት። ሲፋን ሕፃኑን ታቅፋ ከኋላ ተቀመጠች።

ኩን ራፒድስ ሲደርሱ ለቀስተኞቹ አብዛኛዎቹ ሄደዋል። ዮሐና ሁለቱን ኮሪደሩ ላይ አቁማ ብቻዋን ገባችና ለገነት ሁሉንም ነገረቻት። ስለ ሥጋውም ነገረቻት። አልደብቃትም ብላ መንገድ ላይ ለራሷ ስትምል ነበር የመጣችው።

ገነት እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት። ከዚያ ከፍራሹ ተነሥታ፣ ፊት ለፊቷ ከተቀመጠ አንድ ሽማግሌ እጅ ሳህኑን ቀስ ብላ ተቀበለችው። ቀጥላ ከሌላው ተቀበለች። ሳህኖቹን ደራርባ ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ ጨለማው ውስጥ የቆመውን ትልቅ ሰው አየች።

«ማነህ አንተ?»

«ዲንሳ እባላለሁ። እዚያ የነበርኩት…» ዲንሳ አንገቱን ደፋ። «እመቤቴ፣ መብራቱን መጀመሪያ ያበራሁት እኔ ነኝ። አምፖሉን። ይሄን ልነግርሽ ነው የመጣሁት።»

ገነት በሁለት እጇ ሳህኖቹን እንደያዘች ቆመች። ድምፅዋ ቀድሞም የለም፤ የተናገረችውን ዮሐና እንኳን ለመስማት መጠጋት ነበረባት።

«አንተ አይደለህም። ኩሽናው ጨለማ ነው፤ እጄ ሞልቷል። ማብሪያው አጠገብህ ነው፤ አብራልኝ።»

የዲንሳ እጅ ወደ ማብሪያው ሄዶ ቆመ። ሲፋን ከኋላው በኦሮምኛ አንድ ነገር አለችው።

አበራው። ጠረጴዛው ላይ ድስቱ፣ የተረፈው ወጥ፣ በላስቲክ የተጠቀለለው ገና ያልተከተፈ ሥጋ ሁሉም ታየ። ገነት ሳህኖቹን አስቀምጣ ትልቁን የቆሻሻ ከረጢት ከፈተች። ሲፋን ሕፃኑን ለዮሐና አቀበለችና ከረጢቱን በሌላው በኩል ያዘችላት። ዲንሳ ድስቱን አነሣ።